አዲሱ ኤም 3 ሲወጣ አዳማ ላይ ከፈረስ ጉልበቱ ምን ያህሉ ይተርፈናል?

ስድስት ሲሊንደር (ጠያቂ፣ አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፍራንኮ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተሰብስበን ስለ መኪና የምንከራከር ስድስት ጓደኛሞች ነን። ከስድስታችን አንዳችንም ስፖርት ሴዳን የለንም፤ ይህ ግን ክርክሩን አላቀዘቀዘውም። ሰሞኑን ከአፋችን የማይጠፋው የሚቀጥለው ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ነው። ኩባንያው አዲሱ ትውልድ በሁለት ዓይነት እንደሚወጣ፣ ይኸውም አንዱ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ሌላው ደግሞ ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ መስመር የተደረደሩለት ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር እንደሚሆን ካረጋገጠ ወዲህ፣ ጉልበቱ ስንት ይሆን እያልን እንገምታለን። (ቱርቦ ማለት በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው።)

ግምታችን መነሻ የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኢ46 (የትውልዱ መለያ ነው) ኤም 3 ያለ ቱርቦ ከ3.2 ሊትር ሞተር 343 የፈረስ ጉልበት ያወጣ ነበር (ኢ46 አራት በር እንዳልነበረው የሚያስታውሰኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ)። በ2007 የተተካው በ4 ሊትር ቪ8 ወደ 420 ከፍ አለ፤ በ2014 የመጣው ኤፍ80 ደግሞ በኤም 3 ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቱርቦ ይዞ 431 ደረሰ። አሁን ያለው ጂ80 ከ480 ተነሥቶ ሲኤስ በተባለው ዓይነት 550 ይሰጣል። እንግዲህ አዲሱ ከዚህ በታች ይወጣል ብሎ የሚጠብቅ የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ይህ ሁሉ ቁጥር የሚሰላው በባሕር ወለል አካባቢ ባለ የአየር ግፊት ነው፤ እኛ ያለነው ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን ቱርቦ ያለው ሞተር ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም ብሎ ይምላል። ሌላው፣ የኮሮላ ባለቤት ነው፣ ማንኛውም ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ 550 የተባለው አዳማ ሲደርስ 460 ነው ብሎ ደምድሟል። የትኛው ነው ልክ? ደግሞስ ከማደያዎቻችን የምንቀዳው ቤንዚን ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ይስማማዋል ወይ? መኪናው እንዴት አገር ውስጥ ይገባል የሚለውን ጥያቄ እኔም አውቀዋለሁና እባካችሁ ለጊዜው እንተወው።


ኪሎ ፓስካል (አዳማ)

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጓደኞችህ ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የኮሮላው ባለቤት የተናገረው ስለ ራሱ መኪና ከሆነ ትክክል ነው።

በባሕር ወለል የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ አዳማ ላይ ወደ 83 ይወርዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ወደ 76። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር የሚስበው በፒስቶኑ ብቻ ስለሆነ ከከባቢው የሚበልጥ ግፊት ሊያገኝ አይችልም፤ ባነሰው አየር ልክ የሚቃጠለው ነዳጅም ያንሳል። በዚህ ሒሳብ የምትወደው ኢ46 ኤም 3 ከ343ቱ አዳማ ላይ ወደ 285፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 260 ገደማ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህ የመኪናው ጥፋት አይደለም፤ በመካኒክም አይስተካከልም።

ቱርቦው ግን ሌላ ነው። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር የሚከታተለው ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ውስጥ ያለውን ግፊት ከዜሮ ጀምሮ ቆጥሮ ነው፤ የውጭው አየር ሲሳሳ ቱርቦው በፍጥነት እንዲሽከረከር አድርጎ የጎደለውን ያሟላል። አንድ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ለመስጠት 200 ኪሎ ፓስካል ይፈልጋል እንበል (ለስሌት እንዲመች የያዝሁት ቁጥር ነው)። ጅቡቲ ላይ ቱርቦው አየሩን 2 እጥፍ ቢጨምቀው ይበቃል። አዳማ ላይ ግን 2.4 እጥፍ፣ አዲስ አበባ ላይ 2.6 እጥፍ መጭመቅ አለበት። ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ግፊት ያው ነው፤ የቱርቦው ድካም ግን ያው አይደለም።

ድካሙ የሚታየው በሙቀት ነው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ የውጭው አየር 25 ዲግሪ ቢሆንና ኮምፕረሰሩ (አየሩን የሚጨምቀው የቱርቦው ክፍል) 72 በመቶ ብቃት አለው ብለን ብንይዝ፣ 2 እጥፍ የተጨመቀው አየር በ116 ዲግሪ ገደማ ሲወጣ 2.4 እጥፍ የተጨመቀው ግን በ143 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ይህን የሚያበርደው ኢንተርኩለር ነው፤ እርሱም ራሱ የሚበርደው በዚያው በሳሳው አየር ስለሆነ እንደ ባሕር ወለሉ አይሆንለትም። የሞቀ አየር ደግሞ ግፊቱ እኩል ቢሆንም መጠኑ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ጉልበት በዚያ በኩል ይሾልካል። በሌላ በኩል፣ የከባቢው ግፊት ዝቅ ማለቱ የጭስ መውጫውን ስለሚያቀልለት ተርባይኑን (በጭሱ የሚሽከረከረውን የቱርቦውን ክፍል) በመጠኑ ይረዳዋል። ሁሉም ተደማምሮ ጉድለቱ የሚወሰነው አምራቹ ቱርቦውን ሲመርጥ ምን ያህል ትርፍ አቅም እንደተወለት ነው። ቱርቦው ከተፈቀደለት ፍጥነት በላይ እንዳይሽከረከር ኮምፒውተሩ ግፊቱን ከቆረጠው ጉልበቱም አብሮ ይቆረጣል።

ስለዚህ አዲሱ ሞተር ሲገለጽ ከፈረስ ጉልበቱ ቁጥር ይልቅ የቶርኩን (የመጠምዘዣ ኃይሉን) ሰንጠረዥ፣ በተለይም የታችኛውን ጫፍ እንድታዩ እመክራለሁ። የአሁኑ ኤም 3 ኮምፒቲሽን 650 ኒውተን ሜትር ቶርኩን የሚይዘው በደቂቃ ከ2,750 እስከ 5,500 ዙር ነው። በከፍታ ላይ መጀመሪያ የሚጎዳው ያ 2,750 የሚለው ነው፤ ምክንያቱም በዝቅተኛ ዙር ቱርቦውን የሚያሽከረክረው ጭስ ጥቂት ስለሆነ 2.4 እጥፍ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል። ከላይ ያለው 550 ሳይነካ ቢተርፍ እንኳ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጠው የምትጠብቃት ቅጽበት ትረዝማለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ትርፍ ግፊት ሳይሆን ከከባቢው በላይ ያለውን የሚያሳይ የግፊት ጌጅ መኪናቸው ላይ የገጠሙ ሰዎች አዳማ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር አይተው መኪናቸው የጎለበተ ይመስላቸዋል። 200 ኪሎ ፓስካል ለመድረስ ከ101 ላይ 99 መጨመር ይበቃል፤ ከ83 ላይ ግን 117 ያስፈልጋል። ጌጁ ያነበበው ድካሙን ነው።


ሐይቅ ዳር (ሐዋሳ)

ማብራሪያው ግሩም ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ተዉት ያለውን ሳልነካ ማለፍ አልቻልሁም፤ ይቅርታ ይደረግልኝ። ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። እንግዲህ ሁለት ኤም 3 ሲመጣ እኛ በር ላይ ሊቆም የሚችለው አንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም ማኒፎልድም ቱርቦም የለውም። ስለ 83 ኪሎ ፓስካል የምንጨነቀው ድንበር ለማይሻገር ሞተር ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ እኛ አገር ቱርቦን የምናውቀው ከአይሱዙና ከናፍጣ ፒካፕ ነው። እኔ ራሴ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ፒካፕ አለኝ፤ ከሐዋሳ ተነሥቼ ሻሸመኔ ዳገት ላይ ስጫናት አታሳፍረኝም። ኪሎ ፓስካል ያሉትን የታችኛውን ጫፍ መዘግየት ግን በየቀኑ አየዋለሁ፤ ከማርሽ ወደ ማርሽ ስቀይር ዙሯ ከወረደ እስክትነሣ ድረስ ከኋላዬ ያለው ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል።


የሶደሬ መንገድ (የአዳማ ልጅ፣ ለጊዜው ሙኒክ)

እኔ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሰው ነኝ፤ ወገንተኛ ናት ብትሉኝ እቀበላለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይስብም፤ ስለዚህ አዳማ፣ አሰላና ጅቡቲ ለእርሱ አንድ ናቸው። ባትሪውንና ሞተሩን የሚያበርደው አየር መሳሳቱ ብቻ ይቀራል። ከፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ስትገቡ ኮረብታው ላይ የምታዩአቸው የነፋስ ተርባይኖች፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት፣ ለአንድ ኤም 3 ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቁ አንድ እሑድ ሒሳቡን ሥሩት።

ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻ እያያችሁ እንዳትጠብቁ የማሳስባችሁ ስለ ክብደት ነው። ከኤም 3 ከፍ የሚለውን የቢ ኤም ደብሊው ኤም 5 ነገር ተመልከቱ። ኤፍ90 የተባለው በ600 የፈረስ ጉልበት ከ0 እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት በ3.4 ሰከንድ ይደርስ ነበር፤ ክብደቱም 1,855 ኪሎ ግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የተተካው ጂ90 ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ8ቱን ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር አጣምሮ 727 የፈረስ ጉልበት አወጣ፤ ክብደቱ ግን 2,435 ኪሎ ግራም ሆነ፤ ወደ 100 ለመድረስም 3.5 ሰከንድ ይወስድበታል። 127 የፈረስ ጉልበት ተጨምሮ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘገየ። ይህን ስነግረው ዝም የማይል የመኪና ወዳጅ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ለቱርቦ ወዳጆችም የሚሆን ነገር አለኝ። መርሴዲስ ኤ ኤም ጂ በሲ 63 ኤስ ላይ ያለፈውን ቪ8 አውጥቶ 2 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከኤሌክትሪክ ጋር አጣምሮ ገጠመ፤ ድምሩ 680 የፈረስ ጉልበት ነው። ብዙ ሰው በቪ8ቱ መቅረት ተቆጥቶ ስለነበር አንድ ጥሩ ሥራ ሳይታይ አለፈ፦ የቱርቦው ዘንግ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሟል። ጭሱ እስኪበረታ ሳይጠብቅ ቱርቦውን ያሽከረክረዋል፤ ኪሎ ፓስካል የጠቀሱት በዝቅተኛ ዙር የሚመጣው መዘግየት የሚፈታው እንዲህ ባለ ዘዴ ነው። የቤንዚኑ ኤም 3 ይህን የመሰለ ነገር ይዞ ቢመጣ ከማንም ይልቅ የሚጠቅመው ደጋ ላይ ለሚነዳ ሰው ነበር። ሐይቅ ዳር እንዳሉት ግን ደጋው ላይ እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ ይህ ያሳዝነኛል።


ጋሼ ካንዴላ (አዳማ፣ ጋራዥ)

ልጆቼ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ አንብቤዋለሁ፤ ቤንዚኑን በተመለከተ የጠየቀውን ልጅ የመለሰለት ስለሌለ እኔ ልመልስ።

የከፍተኛ ጉልበት ሞተር ቁጥር የሚነገረው ከፍ ያለ ኦክቴን (ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የመቋቋም ደረጃ) ያለውን ቤንዚን ቀድቶ ነው። እኛ ማደያ ስንቆም ያለን ምርጫ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ነው፤ የኦክቴን ምርጫ የለንም። ቱርቦ ለሌለው መኪና ከፍታው ራሱ ያግዘዋል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ሙቀቱም ያንሳል፤ ስለዚህ ዝቅ ባለ ኦክቴንም ሳያንኳኳ ይሠራል። አሜሪካን አገር በሮኪ ተራሮች አካባቢ ባሉ ከተሞች 85 ኦክቴን የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። ቱርቦ ያለው ሞተር ግን የጎደለውን ግፊት መልሶ ስለሚሞላው ያ እፎይታ የለውም። በዚያ ላይ፣ ኪሎ ፓስካል እንዳለው፣ የሚገባው አየር የበለጠ የሞቀ ነው። ሙቀትና ግፊት ሲበዙ ነዳጁ የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት በራሱ ጊዜ ይፈነዳል፤ ያ ነው ማንኳኳት የምንለው።

የዛሬ ሞተር ማንኳኳቱን ሰምቶ ታይሚንጉን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ ማለት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ያዘገያል። ሞተሩ አይጎዳም፤ ጉልበቱ ግን ይቀንሳል፤ ጭሱም ይሞቃል። የአሁኑ ኤም 3 ሞተር መጨመቂያ መጠኑ (ፒስቶኑ የሲሊንደሩን አየር ስንት እጥፍ እንደሚያጠበው) 9.3 ለ 1 ነው፤ ቱርቦ ያልነበረው የኢ46ቱ 11.5 ለ 1 ነበር። ዝቅ የተደረገው ለቱርቦው ቦታ ለመተው ነው፤ ከኛ ቤንዚን ጋር ለመስማማትም ይረዳዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አያድነውም። ለጥያቄህ ያለኝ መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ መኪናው ይሄዳል፤ አይሰበርም፤ 550 ግን አይሆንም፤ ከከፍታው ይልቅ የሚበላብህም ነዳጁ ነው።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁ። ያለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ደንበኛ ባለ ቱርቦ የጀርመን የቤት መኪና፣ ትንሽ ናት፣ 1.4 ሊትር፣ አምጥቶልኝ ፈጣን መንገድ ላይ 120 ስደርስ ትታነቃለች አለኝ። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፤ አራቱም ጫፋቸው ላይ ቀላ ያለ ቅርፊት ነበረባቸው፤ ከአንድ ማደያ የቀዳው ቤንዚን ጤነኛ አልነበረም። ካንዴላ ቀይረን ለቀቅኋት፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ያን ጊዜ የፊት መከላከያዋን አውርጄ ኢንተርኩለሩን አየሁት። በቀጫጭኖቹ ክንፎች መካከል የአዳማ አቧራ ከዘይት ትነት ጋር ተጋግሮ እንደ ጭቃ ደርቋል፤ በእጅ ባትሪ ከኋላ ባበራበትም ብርሃኑ ወደ እኔ አላለፈም። በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ሁለት ሰዓት ያህል አጠብሁት። ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም።

ይህን የምለው ለምንድን ነው? የከተማችን ነፋስ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ያነሣል፤ ያ አቧራ የሚገባው ቱርቦው በጣም በሚፈልገው ነገር ላይ ነው። ፋብሪካው በጀርመን አየር ሲሞክረው ይህን ጭቃ አላየውም። ስለዚህ አዲሱን መኪና ሥዕል ስታዩ ፊቱ ላይ ያለው ፍርግርግ አስቀያሚ ነው አምሯል እያላችሁ አትከራከሩ፤ ጂ80 ሲወጣ ዓለም ሁሉ ስለ ሁለቱ ትልልቅ ቀዳዳዎች ሲሳደብ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አየር ይግባበት። ከኋላው ያለው ኢንተርኩለር ለመታጠብ ይመቻል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።


ኪሎ ፓስካል (አዳማ)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የእኔን ስሌት ያርመዋል፤ አመሰግናለሁ። ትንሽ ጉልበት ብቻ ይሾልካል ያልሁት ንጹሕ ኢንተርኩለርን አስቤ ነው። የከፍታና የኦክቴን ግንኙነት ላይ ቱርቦው እፎይታውን ይነጥቀዋል ያሉትም ትክክል ነው፤ ይህን ነጥብ ሳላነሣው ማለፌ ስሕተት ነበር።


ስድስት ሲሊንደር (ጠያቂ፣ አዳማ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ ካንዴላ የጠቀሷት ዓይነት 1.4 ሊትር ባለ ቱርቦ መኪና ካለው ዘመዴ ለአንድ እሑድ ለምኜ፣ የኮሮላውን ባለቤት አስከትዬ በዴራና በኢተያ በኩል አሰላ ወጥተን ተመለስን። በሁለቱም መኪኖች መመርመሪያ ሶኬት ላይ በብሉቱዝ ወደ ስልክ የምታስተላልፍ ትንሽ መሣሪያ ሰክተን ነበር። የሆነውን ላስፍር።

ቁልፉን ከፍተን ሞተሩን ሳናስነሣ ሁለቱም መኪኖች አዳማ ላይ 83፣ አሰላ ላይ 75 ኪሎ ፓስካል አነበቡ። ወንድማችን በስሌት ያገኘው ቁጥር ስልኬ ላይ ሲወጣ ሳይ ደስ አለኝ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ስንረግጠው ኮሮላዋ አዳማ ላይ 82፣ አሰላ ላይ 74 ደረሰች፤ ከዚያ በላይ አንድም አልጨመረችም። ባለ ቱርቦዋ አዳማ ላይ 171፣ አሰላ ላይ 168 ያዘች። ቱርቦ ከፍታ አያውቅም ብሎ የማለው ጓደኛችን በዚህ ጊዜ መንገድ ዳር ወርዶ ሊጨፍር ደርሶ ነበር።

ቀጥለን የሚገባውን አየር ሙቀት አየን። አዳማ ላይ ውጭው 27 ዲግሪ ሳለ የሚገባው 46 ነበር። አሰላ ላይ ውጭው 17 ነበር፤ ሹራብ ያልያዝን ሰዎች ተንቀጥቅጠናል፤ የሚገባው አየር ግን 52 ሆነ። የውጭው አየር 10 ዲግሪ ቀዝቅዞ ሞተሩ የሚተነፍሰው በ6 ዲግሪ ሞቀ። ከረገጥሁበት ቅጽበት እስከ ከፍተኛው ግፊት ያለውን ጊዜ ደግሞ ከስልኩ ቪዲዮ ላይ ቆጠርን፤ አዳማ ላይ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል፣ አሰላ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ ነው። ጭፈራው በዚህ ቆመ።

እኅቴ የሶደሬ መንገድ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ የተናገርሽው እውነት መሆኑን አልክድም፤ የቤንዚኑን መጠበቄን ግን አልተውሁም። የነፋስ ተርባይኖቹን ሒሳብ ለሚቀጥለው እሑድ አሳድረነዋል። ጋሼ፣ ዘመዴ መኪናውን ረቡዕ ወደ እርስዎ ጋራዥ ያመጣዋል፤ ኢንተርኩለሩን በእጅ ባትሪ አይተውልኝ መታጠብ ካለበት እንዲያጥቡት እለምናለሁ። ከታጠበ በኋላ በዚያው መንገድ እንደግመውና 52ቱ ስንት እንደሆነ እዚሁ አሰፍራለሁ።


ጋሼ ካንዴላ (አዳማ፣ ጋራዥ)

ረቡዕ ሳይሆን ሐሙስ ጠዋት ይምጣ። የአየር ፊልትሮውንም ይዞ ይምጣ እንጂ በአፉ እፍ ብሎ እንዳይመልሰው።